በወር 15 ዶላር የሚያስከፍል ጂም ከየት ያተርፋል? የርካሽ ጂሞች አሠራር ከውስጥ

ሰፈረ ብረት (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ስለ ርካሽ ጂሞች ሲወራ ሁሌ የሚነሳው "ሰው ከፍሎ ስለማይመጣ ነው የሚያተርፉት" የሚለው ብቻ ነው። እውነትነት አለው፤ ግን የአንድ ዘርፍ ሙሉ አሠራር በዚህ አንድ አረፍተ ነገር አያልቅም። አሜሪካ ላይ ፕላኔት ፊትነስ፣ እንግሊዝ ላይ ፒዩርጂምና ዘ ጂም ግሩፕ፣ ጀርመን ላይ ማክፊት፣ ኔዘርላንድስና ፈረንሳይ ላይ ቤዚክ ፊት፣ ብራዚል ላይ ስማርት ፊት፣ ዱባይ ላይ በወር 99 ድርሃም ይዞ የገባው ጂምኔሽን፤ እነዚህ ሁሉ ገበያውን የለወጡት በአንድ ዓይነት ስሌት ነው።

መወያየት የምፈልገው ሦስት ነገር ላይ ነው። የትኛውን ወጪ ቀነሱ? የትኛው ወጪ ከተነካ ቤቱ ይፈርሳል? አዲስ አበባ ላይስ ያስኬዳል? ሙያው ያላችሁ ቁጥር ይዛችሁ ጻፉ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እናድርጋቸው፣ እንዳንደናገር።

ሒሳብ ሹም

ዋጋው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ሒሳቡ ስለማይገባ ከታሪኩ ልጀምር።

ፕላኔት ፊትነስ በ1992 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ዶቨር በምትባል ከተማ ተጀመረ። ማክፊትን ራይነር ሻለር በ1997 ጀርመን ቩርዝቡርግ ላይ ከፈተው፤ አንድ ዋጋ፣ ረጅም የሥራ ሰዓት፣ ሳውና የለ፣ የቡድን ስፖርት የለ፣ ሻወሩም ሳንቲም የሚጠይቅ። ዘ ጂም ግሩፕ የመጀመሪያ ቤቱን በ2008 ምዕራብ ለንደን ሃውንስሎ ላይ ሲከፍት ፒዩርጂም በ2009 ተከተለ። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ለሁለቱም በጃቸው። ትልልቅ መደብሮች እየተዘጉ ሰፋፊ ቦታ ባዶውን ቀረ፤ አከራዮችም ረጅም ውል የሚፈርም ተከራይ ካገኙ የመጀመሪያዎቹን ወራት ኪራይ መተው ጀመሩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። የርካሽ ጂም ትርፍ ግማሹ የሚወሰነው ማሽን ሳይገባ፣ የኪራይ ውሉ በሚፈረምበት ቀን ነው።

አሁን ቁጥሩ። የፕላኔት ፊትነስ መደበኛ ቤት ወደ 20,000 ስኩዌር ፊት ነው፤ በእኛ 1,860 ካሬ ሜትር ገደማ። ዝቅተኛው ክፍያ ለብዙ ዓመታት 10 ዶላር ነበር፤ ከጁን 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአዲስ ገቢዎች 15 ሆኗል። በላዩ ላይ 49 ዶላር ዓመታዊ ክፍያ አለ። ለ12 ስታካፍሉት በወር 4 ዶላር ከ8 ሳንቲም ነው፤ ስለዚህ የ15 ዶላሩ አባል እውነተኛ ክፍያው 19 ከ8 ሳንቲም ነው። ብላክ ካርድ የሚባለው ወደ 25 ዶላር የሚጠጋው ክፍያ ደግሞ የትኛውም ቅርንጫፍ መግባትን፣ እንግዳ ይዞ መምጣትን፣ የማሳጅ ወንበርን ይጨምራል። ከግማሽ በላይ አባላት የያዙት እሱን ነው። ልብ በሉ፤ የተጨመሩት ጥቅሞች አንዳቸውም ተጨማሪ ሠራተኛ አይጠይቁም።

የሚከተለው መለማመጃ ሒሳብ ነው፣ የማንም ኩባንያ መዝገብ አይደለም። 6,000 አባል በአማካይ 18 ዶላር ቢከፍል 108,000 ዶላር በወር ይገባል። ዓመታዊው 49 ዶላር ሲበተን በወር 24,500 ይጨምራል። ድምር 132,500። ወጪው፦ ኪራይ 30,000፣ ደመወዝ 35,000፣ የማሽን ኪራይ ወይም የብድር ክፍያ 22,000፣ መብራትና ውኃ 9,000፣ ጽዳትና ጥገና 9,000፣ የስም መጠቀሚያና የማስታወቂያ መዋጮ 10,000። ድምር 115,000። የሚቀረው 17,500።

አባላቱ ወደ 4,500 ቢወርዱስ? ገቢው 99,375 ይሆናል። ወጪው ግን ከስም መጠቀሚያው 2,500 ያህል ከመቀነሱ በቀር ንቅንቅ አይልም፤ 112,500። በየወሩ 13,000 ዶላር ኪሳራ። ከአባላቱ ሩቡ ሲሄድ ትርፉ በሙሉ ጠፍቶ ቤቱ ዕዳ ውስጥ ይገባል። ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ወጪው ቋሚ ስለሆነ የአባላቱ ቁጥር ከአንድ መስመር በታች መውረድ የለበትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሒሳብ ሹም፣ እናመሰግናለን። ግን 6,000 ሰው 1,860 ካሬ ሜትር ውስጥ እንዴት ይገባል? ማታ 12 ሰዓት ላይ ወረፋው በር ድረስ አይደርስም ወይ?

የበር ኃላፊ

ቤቱ የሚለካው በአንድ ጊዜ ውስጡ ባለው ሰው ነው። እያንዳንዱ አባል በወር በአማካይ 4 ጊዜ ይመጣል እንበል። 24,000 ጉብኝት በወር፣ ማለትም 800 በቀን። ከዚህ 40 በመቶው ከሥራ መልስ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ይመጣል፤ 320 ሰው። እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ቢቆይ በአንድ ጊዜ ውስጥ ያለው 107 ሰው አካባቢ ነው። ይህን 1,860 ካሬ ሜትር ቤት በምቾት ይችላል። አማካዩ በወር 8 ጊዜ ቢሆን ግን 213 ሰው ይሆናል፤ ያኔ መቆለፊያ ሳጥኑም፣ አየሩም፣ መኪና ማቆሚያውም ይሞላል።

ለዚህ ነው የማሽኑ አደራደር ሁሉ የሚሰላው በካሬ ሜትር የሆነው። ትሬድሚል ከኋላው 2 ሜትር ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ በጎንና በጎን ግማሽ ግማሽ ሜትር። በረድፍ ሲደረደሩ የጎኑ ክፍተት ስለሚጋራ አንዱ ወደ 6 ካሬ ሜትር ይይዛል። የስኳት ራክ (ባርቤል ተሸክሞ ቁጭ ብድግ የሚሠራበት የብረት ማቆሚያ) ከነባርቤሉ ደግሞ 3 በ4 ሜትር፣ 12 ካሬ ይበላል፤ በላዩም ሰው ቶሎ አይለቀውም። ፕላኔት ፊትነስ ነፃ ባርቤል ትቶ ስሚዝ ማሽን (ባርቤሉ በሐዲድ ላይ ብቻ የሚወጣና የሚወርድበት) ያስገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ምክንያት ለስፖርት አዲስ የሆነውን ሰው በብረት ጩኸት ላለማስፈራራት ነው። የአውሮፓዎቹ ግን ራክ አላቸው። ፕላኔት ፊትነስም ራሱ በቅርብ ዓመታት የካርዲዮውን (የትሬድሚልና የብስክሌቱን) ቦታ እየቀነሰ የክብደት ማሽን እያበዛ ነው፣ የሰው ፍላጎት ወደዚያ ስለሄደ።

ጭንቅንቁን የሚያስታግሱት በዋጋ ነው። ፒዩርጂም ከመጨናነቂያው ሰዓት ውጭ ብቻ የሚያስገባ ርካሽ አባልነት ይሸጣል፤ ተማሪና የማታ ሠራተኛ ይገዛዋል። በስልክ መተግበሪያው ላይም አሁን ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ይታያል። ከ10 ሰው ሁለቱ ብቻ ሰዓታቸውን ቢቀይሩ 107ቱ ወደ 86 ይወርዳል፤ አንድም ማሽን ሳይገዛ።

በሩም ራሱ ሠራተኛ ነው። እንግሊዝ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚያስገባ ክብ የመስታወት ካፕሱል፣ በቁጥር ኮድ የሚከፈት ይጠቀማሉ። የእንግዳ መቀበያ ሰው በሦስት ፈረቃ ከማቆም ያ ይረክሳል። ግን ሲጫን ሦስት ነገር ካልተሟላ አደጋ ነው፦ እሳት ሲነሳ መብራት ቢጠፋም በሩ ራሱ እንዲከፈት፤ ዊልቸር የሚያስገባ የጎን በር፤ ሠራተኛ በሌለበት ሰዓት ከካሜራና ከድምፅ ማጉያ ጋር የተገናኘ የአደጋ መጥሪያ ቁልፍ። የልብ ማስነሻ መሣሪያውም በግልጽ ቦታ ይሰቀል፣ ባትሪውና የደረት መለጠፊያው የሚያልቅበት ቀን በየወሩ ይታይ። ኮድ ለጓደኛ ማዋስን ለመያዝ ሥርዓቱ አንድ ኮድ ሳይወጣ ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ምልክት እንዲሰጥ ይደረጋል።

አሰልጣኞቹም ደመወዝተኛ ላይሆኑ ይችላሉ። በእንግሊዞቹ አሠራር ብዙዎቹ የራሳቸው ሥራ ያላቸው ሆነው ለጂሙ ኪራይ የሚከፍሉ ናቸው። ያ ወጪ የነበረውን መስመር ገቢ ያደርገዋል። ደካማ ጎኑ፣ ኪራዩ ከከበደ አሰልጣኙ በየሦስት ወሩ ይቀያየራል፤ አባሉም ከእሱ ጋር ይሄዳል።

ሒሳብ ሹም

"ከፍሎ የማይመጣ" ወደሚለው ልመለስ፤ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የስቴፋኖ ዴላቪኛና የኡልሪከ ማልመንዲየር የ2006 ጥናት ነው። ከ70 ዶላር በላይ ወርሃዊ ክፍያ የገቡ ሰዎች በወር በአማካይ 4.3 ጊዜ ይመጡ ነበር፤ ለአንድ ጉብኝት ከ17 ዶላር በላይ ማለት ነው። በዚያው ጂም የ10 ጊዜ መግቢያ ትኬት ቢገዙ ጉብኝቱ 10 ዶላር ይመጣላቸው ነበር። ጥናቱ እውነተኛ ነው። የተጠናው ግን ባለ 70 ዶላር ጂም ነው። ከፍሎ መቅረት ርካሽ ጂሞች ሳይመጡም የነበረ ነገር ነው።

የበር ኃላፊ

እዚህ ላይ በከፊል አልስማማም። 70 ዶላር የሚከፍል ሰው ባንኩን ባየ ቁጥር ያመዋል፤ በመጨረሻ ይሰርዛል። 10 ዶላር ግን አያምም። "ሰኞ እጀምራለሁ" እያለ ዓመት ይቆያል። ርካሽነቱ ራሱ ነው የሚያስቀረው።

ሒሳብ ሹም

ልክ ነህ፣ ግን ሌላኛውን ጎን እይ። ያለ ውል በማንኛውም ወር መልቀቅ የሚቻልበት ቤት የሚመጣውም የማይመጣውም ይለቃል። በወር 4 በመቶ ቢለቅ በዓመት መጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ 100 አባላት 61 ብቻ ይቀራሉ። ከ6,000 በየወሩ 240 አዲስ ሰው ካልገባ ቤቱ ይቀንሳል። 5 በመቶ ከሆነ 300። እነዚያን ሰዎች በማስታወቂያ ማምጣት ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ የማይመጣ ሰው ጓደኛ አያመጣም። ባለቤቱ አባል እንዲተኛለት የሚጸልይ ከሆነ የተኛው አንድ ቀን ነቅቶ ይሰርዛል። በወር 4 ጊዜ የሚመጣው አባል ግን ማሽኑንም አያጨናንቅም፣ ክፍያውንም አያቆምም፤ ጥሩ ቤት የሚሠራው እሱን ለማቆየት ነው።

ብሩጎላ

ከጥገና በኩል ልጻፍ፤ ርካሽ ጂም የሚሞተው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ወጪ ሲጠብ የመጀመሪያው የሚቆረጠው የጥገና ገንዘብ ነው። ከዚያ 20 ትሬድሚል ካለው ቤት 5 ላይ "አይሠራም" የሚል ወረቀት ይለጠፋል፤ የቀሩት 15 የ20ውን ሥራ ስለሚሠሩ እነሱም ቶሎ ይደክማሉ። አባሉ የሚለቀው ያኔ ነው።

ትሬድሚል። እያንዳንዱ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። በአሜሪካ 120 ቮልት ላይ 20 አምፔር፣ በ220 ቮልት አገር ለብዙዎቹ ሞዴሎች 16 አምፔር። ሁለት ማሽን በአንድ መስመር፣ ወይም ማራዘሚያ ገመድ፣ በፍጹም አይሆንም፤ ከባድ ሰው ሲረግጥ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የሞተር መቆጣጠሪያ ቦርዱ ይቃጠላል። ግራውንዱ ትክክለኛ ካልሆነ ደግሞ መሮጫው ላስቲክ በሰበቃ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ሰሌዳውን (ፊት ለፊት ያለውን ማሳያና መቆጣጠሪያ) ያቋርጠዋል፤ ሰው "ማሽኑ በራሱ ጠፋ" ይላል።

ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ላስቲኩና ከሥሩ ያለው ጣውላ መሰበቃቸው ነው። ሰበቃው ሲጨምር ሞተሩ ብዙ ኃይል ይስባል፣ ይግላል፣ ቦርዱን ይዞት ይሄዳል። በክላምፕ ሜትር (ገመዱን ከውጭ አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ማወቅ ይቻላል። ማሽኑ አዲስ እያለ አንድ ሰው በአንድ ፍጥነት ሲራመድበት የሚስበውን አምፔር መዝግቡ፤ በየሦስት ወሩ ያው ክብደት ባለው ሰውና በያው ፍጥነት ለኩ። ቁጥሩ በግልጽ ከፍ ካለ ላስቲኩ ወይም ጣውላው አልቋል። ብዙ የንግድ ማሽኖች ላይ ጣውላው ተገልብጦ በሌላ ፊቱ ይሠራል፤ አዲስ ከመግዛት በፊት መመሪያውን አንብቡ።

ቅባት። አንዳንዱ ማሽን ንጹሕ ሲሊኮን ይፈልጋል፣ በአንድ ጊዜ 30 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ላስቲኩን ከፍ አድርጎ መሃሉ ላይ። አንዳንዱ ጣውላው በሰም የተነከረ ስለሆነ ሲሊኮን ካፈሰሳችሁበት ሰሙ ተበላሽቶ ላስቲኩ ይንሸራተታል። ግራሶና የሞተር ዘይት ለሁለቱም መርዝ ነው።

ላስቲኩ ወደ ግራ ከሄደ ከኋላ ያለውን የግራ ቡሎን በብሩጎላ ሩብ ዙር አጥብቁ፤ ወደ ቀኝ ከሄደ የቀኙን። ማሽኑን ባዶውን በዝግታ አስኬዱት፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ብቻ ሌላ ሩብ ዙር። ሙሉ ዙር በአንድ ጊዜ የሚያዞር ሰው ላስቲኩን ከመጠን በላይ ወጥሮ የሮለሩን ኩሽኔታ ይገድላል። የሞተሩን ክዳን በየወሩ ከፍቶ አቧራውን በመምጠጫ ማውጣት ይገባል፤ በአየር መንፋት አቧራውን ቦርዱ ውስጥ ይከተዋል።

ሌላ ርካሽ ዘዴ አለ። ከመስኮቱና ከማራገቢያው አጠገብ ያለው ትሬድሚል ከጥግ ካለው እጥፍ ሰዓት ሊሠራ ይችላል። በየሦስት ወሩ የሰዓት ቆጣሪውን አንብባችሁ ብዙ የሠራውንና ትንሽ የሠራውን ቦታ አቀያይሩ። አንድም ሳንቲም አያስወጣም፤ ሁሉም እኩል ያረጃሉ።

የክብደት ማሽን ኬብል። የሚበጠሰው ጫፉ ላይ፣ ከተጨመቀው ብረት አጠገብ፣ ወይም በትንሿ ፑሌጃ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ጨርቅ ይዛችሁ በየሳምንቱ ርዝመቱን በሙሉ ዳስሱት። ፕላስቲኩ ከተሰነጠቀ፣ አንድ ቦታ ካበጠ፣ ወይም ሽቦው ከታየ ያን ደቂቃ ፒኑን አውጥታችሁ ማሽኑን ዝጉ። የላት ማሽን (ዘንግ ከላይ ወደ ታች የሚሳብበት) ኬብል ሲበጠስ ዘንጉ የሚወርደው አናት ላይ ነው። ኬብል ቅባት አይቀባም። የሚቀባው ክብደቱ የሚወርድበት ዘንግ ነው፤ ያውም ተጠርጎ፣ ስስ ሲሊኮን በጨርቅ። ፒኑ አልገባ ካለ ኬብሉ ከመጠን በላይ ተወጥሮ የላይኛውን ክብደት ከፍ አድርጎታል፤ በማስተካከያው ዳዶ ጥቂት አላሉት።

ብስክሌት። የግራ ፔዳል ጥርሱ ተቃራኒ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል። ላልቶ እያለ ከተነዳ የክራንኩን ጥርስ ይበላዋል፤ የፔዳል ዋጋ የነበረው የክራንክ ዋጋ ይሆናል። በየሳምንቱ ማጥበቅ ሁለት ደቂቃ ነው።

መቀመጫዎች በረኪና ወይም ጠንካራ አልኮል ሲነካቸው ቆዳቸው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ለስላሳ ማጽጃ ጨርቁ ላይ ተረጭቶ ይጠረግ፤ ሰሌዳው ላይ በቀጥታ አይረጭ።

የመጨረሻው የግዢ ጉዳይ ነው። ትልልቆቹ ሰንሰለቶች ሁሉም ቅርንጫፍ ላይ ያንኑ ሞዴል የሚደረድሩት ለውበት አይደለም። አንድ ላስቲክ፣ አንድ ቦርድ፣ አንድ ኬብል መጋዘን ካለ ለሁሉም ይሆናል። ስድስት ዓይነት ትሬድሚል ያለው ቤት ስድስት ዓይነት መለዋወጫ ይጠብቃል፤ ማሽኑም በጥበቃ ላይ ሳምንታት ይቆማል።

ቀዝቃዛ አየር

ብሩጎላ ያልነካውን ልጨምር። ስፖርት የሚሠራ ሰው ከ300 እስከ 500 ዋት ሙቀት ያወጣል። 100 ሰው ማለት ከ30 እስከ 50 ኪሎ ዋት፣ የማሽኑን ሳይጨምር። ንጹሕ አየር ቢያንስ በሰከንድ 10 ሊትር ለአንድ ሰው ይያዝ፤ ለ100 ሰው በሰዓት 3,600 ሜትር ኩብ። አየር ማቀዝቀዣ ብቻ ሰቅለው ንጹሕ አየር የማያስገቡ ቤቶች ቅዝቃዜ አላቸው፣ ጠረኑ ግን አይወጣም። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ አንድ ጥግ አስቀምጡ። ማታ ከ1,000 ፒፒኤም በላይ የሚቆይ ከሆነ የአየር ማስገቢያው አንሷል፣ ወይም ማጣሪያው ተዘግቷል።

ወለል፦ ለማሽን ሥፍራ 8 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ይበቃል። ዳምቤል የሚወድቅበት ቦታ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከታች ተከራይ ካለ ግን ይህም አያድንም፤ ድምፁ በሕንፃው ብረትና ኮንክሪት ይተላለፋል፣ ውል የሚያፈርሰውም እሱ ነው። የወለሉ የመሸከም አቅም በካሬ ሜትር ወደ 500 ኪሎ ግራም መሆኑን መሐንዲስ በጽሑፍ ያረጋግጥ፣ ከኪራይ ውሉ በፊት።

ሻወር ያለው ቤት ሙቅ ውኃውን በ60 ዲግሪ ያከማች፣ ሰው እንዳይቃጠል መውጫው ላይ ይቀላቀል። ሰው የማይጠቀምባቸው ሻወሮች በየሳምንቱ ውኃቸው ይለቀቅ፤ የቆመ ለብ ያለ ውኃ የሊጂዮኔላ (ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ) መራቢያ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ለአባል የሚሆን አንድ ጥያቄ፦ መሰረዝ ለምን ይከብዳል?

የበር ኃላፊ

ክፍያው ከካርድ ይልቅ በቀጥታ ከባንክ ሒሳብ እንዲቆረጥ የሚጠይቁት ካርድ ጊዜው ስለሚያልፍ፣ ስለሚጠፋ ነው፤ የባንክ ሒሳብ ግን ዓመታት ይቆያል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኦክቶበር 2024 መሰረዝ እንደ መመዝገብ ቀላል እንዲሆን ደንብ አውጥቶ ነበር፤ በጁላይ 2025 ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ የግዛታችሁ ሕግና የፈረማችሁት ውል ነው የሚገዛው። ስትፈርሙ ሦስት ቀን ጻፉ፦ ወርሃዊው የሚቆረጥበት፣ ዓመታዊው የሚቆረጥበት፣ ለመሰረዝ ስንት ቀን አስቀድሞ ማስታወቅ እንደሚገባ። ስትሰርዙ በጽሑፍ ማረጋገጫ ያዙ። ባንኩ ላይ ክፍያ ማስቆም ብቻ ውሉን አያፈርስም፤ ዕዳው ሊከማች ይችላል።

የአራት ኪሎ ልጅ

አዲስ አበባስ? ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ፍላጎቱም አለ። ይሄ አሠራር ይገባል ባይ ነኝ።

ሒሳብ ሹም

ወንድሜ፣ አሠራሩ እንዳለ ተገልብጦ አይገባም። የሚቆመው ባንኩ በየወሩ ራሱ በሚቆርጠው ክፍያ ላይ ነው። አባሉ በየወሩ በእጁ የሚከፍል ከሆነ በየወሩ እንደገና እየወሰነ ነው፤ ያልመጣ አይከፍልም። ቴሌብር ከሜይ 2021 ጀምሮ ክፍያ መቀበልን ቀላል አድርጎታል፣ ግን ገንዘቡን የሚልከው ያው ሰው ነው። እዚያ የሚያዋጣው የሦስት ወርና የስድስት ወር ክፍያን በቅናሽ አስቀድሞ መሸጥ ነው፤ የተቀበሉትንም በየወሩ ከፋፍሎ መመዝገብ፣ እንደ አንድ ወር ገቢ እንዳይበላ። ሁለተኛው ችግር ማሽኑ ነው። ብር ከጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ማሽን በብር ሲሰላ ዋጋው ሌላ ሆኗል። የአንድ ትሬድሚል ዋጋ የሚመለሰው በስንት አባል ወር ክፍያ እንደሆነ ሳይሰላ ቤት አይከራዩ።

ብሩጎላ

ሒሳብ ሹም ያለው እውነት ነው፣ ግን መውጫ አለው። የአዲስ አበባ ጥንካሬ ብየዳው ነው። ቤንች፣ ራክ፣ የእግር ፕሬስ፣ ሰሌዳ ክብደት የሚጫንባቸው ማሽኖች ሁሉ እዚያው ይሠራሉ። 60 በ60 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር፣ እግሩ ሥር ላሜራ፣ መታጠፊያው ላይ የታሸገ ኩሽኔታ። ብየዳው ዙሪያውን ይሙላ፣ ነጠብጣብ ብቻ አይሁን። ብዙ ጊዜ የሚበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ በኩሽኔታ ፋንታ ቱቦ በቱቦ ላይ እንዲዞር ማድረግ (በወራት ውስጥ ይላላል)፣ እና የእግር ፕሬስ ማቆሚያ አለመሥራት። ማቆሚያው የግድ ነው፤ የተጫነው ክብደት ሁሉ ሰው ላይ እንዳይወርድ የሚያደርገው እሱ ነው።

ካርዲዮው ላይ መብራት የማይፈልገውን አብዙ። የአየር ብስክሌት፣ መቅዘፊያ ማሽን፣ በእግር ግፊት የሚዞር ጎባጣ ትሬድሚል። ባለ ሞተሩን ካስገባችሁ መብራት ሲጠፋ ላስቲኩ በድንገት ስለሚቆም ሯጩ መያዣውን እንዲያውቅ አድርጉ። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅ ቦርድ ስለሚያቃጥል ስታብላይዘርና ዘግይቶ የሚያገናኝ ማብሪያ ይቅደም። ጄኔሬተሩም ለሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ አይበቃም፤ አራት ለይታችሁ ለእነሱ ብቻ መስመር ዘርጉ። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚመዘነው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተርና ቦርድ በደንብ አይቀዘቅዙም። የሞተሩ ክዳን ዙሪያ ክፍት ይሁን፣ አምራቹንም በጽሑፍ ጠይቁ።

የአራት ኪሎ ልጅ

ይሄ ነው የፈለግኩት። መካከለኛ ዋጋ ያላቸውስ ምን ይሆናሉ?

ሒሳብ ሹም

የተመታው እነሱ ናቸው። ጎልድስ ጂም በሜይ 2020፣ 24 አወር ፊትነስ በጁን 2020 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቁ። ጎልድስን የገዛው ማን ነው? የማክፊት ባለቤት የሆነው አርኤስጂ ግሩፕ። እንግሊዝ ላይም ፒዩርጂም የኤል ኤ ፊትነስን ቤቶች በ2015 ገዛ። ገንዳ፣ ፎጣ፣ የእንግዳ መቀበያ የነበራቸው ቤቶች ያንን ሁሉ ወጪ ተሸክመው ማሽኑ ግን ከርካሹ አይሻልም ነበር።

ርካሽ መሆንም ብቻውን አያድንም። ኒው ዮርክ አካባቢ የነበረው ብሊንክ ፊትነስ በኦገስት 2024 ኪሳራ ውስጥ ገባ፤ ገዢው ፒዩርጂም ነበር። ኪራይ በሚወደድበት ከተማ ዝቅተኛ ዋጋ ማስከፈል ምን ያህል ጠባብ መንገድ እንደሆነ ከላይ ያለው መለማመጃ ሒሳብ ላይ ኪራዩን ከ30,000 ወደ 50,000 ቀይሩና እዩት። በ6,000 አባልም ቢሆን ወሩ በ2,500 ዶላር ኪሳራ ይዘጋል።

ሰፈረ ብረት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ብሩጎላ፣ ያገለገለ ትሬድሚል የሚገዛ ሰው ምን ይይ? ብዙዎች ከዱባይ ያገለገለ ለማስመጣት እያሰቡ ነው።

ብሩጎላ

ከሻጩ ንግግር በፊት ሰሌዳው ውስጥ ያለውን የሰዓትና የኪሎ ሜትር ቆጣሪ አስከፍቱ። ሰሌዳው ከተቀየረ ቁጥሩ ዜሮ ስለሚጀምር ላስቲኩን አንሥታችሁ ጣውላውን በእጅ ዳስሱት፤ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ካለ ወይም ከጠቆረ ብዙ ሮጧል። በቪዲዮ ከሆነ የምትገዙት፣ ሰው ቆሞበት በዝግታ ሲሄድ፣ ክላምፕ ሜትሩ መስመሩ ላይ እያለ ይቅረጹላችሁ። የቮልቱን ጽሑፍ ፎቶ ጠይቁ፤ ከአሜሪካ ዞሮ የመጣ 120 ቮልት ማሽን ከሆነ አዲስ አበባ ላይ በቀጥታ አይሰካም። የሞዴሉን ቁጥር ይዛችሁ ለዚያ ሞዴል ላስቲክና ቦርድ ዛሬ የሚሸጥ ሰው ካለ አረጋግጡ፤ ከሌለ ማሽኑን በነፃ ቢሰጧችሁም አትጫኑት። ስታስጭኑም ከአሥሩ ማሽን ጋር ሁለት ላስቲክ፣ አንድ የሞተር ቦርድ፣ ሁለት የሞተር ቺንጋና አምስት የደኅንነት ቁልፍ በዚያው ኮንቴይነር ይግባ።